አብሰርድ ቴአትር በቀበሌ አዳራሽ፦ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ እንዴት ይሠራል?

ቤተሰቦች፣ ዛሬ ከዜናው ትንሽ ወጣ እንበልና ስለ ቴአትር እናውራ። ‹‹አሁን በዚህ ጊዜ ቴአትር?›› የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይመጣል የተባለው ሰው የማይመጣበት፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ጫማና ስለ ባርኔጣ ሲጨቃጨቁ የሚመሽበት የቴአትር ዓይነት አለ። ፈረንጆቹ አብሰርድ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ወለፈንዲ ብንለው ይቀርበዋል። ይህን ዓይነቱን ሥራ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሳይሆን ቡሬ ዙሪያ ወይም ፍኖተ ሰላም አካባቢ ባለ አንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ በቆሎና በርበሬ አምርቶ ለሚኖር ገበሬ ማሳየት ይቻላል ወይ?

የተማረውን ሰው ብትጠይቁት አብዛኛው ‹‹ኧረ አይገባቸውም›› ይላችኋል። እኛ ደግሞ ይገባቸዋል እንላለን፤ ምክንያቱን ከታች እናስረዳለን። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ቆርቆሮው፣ ወቅቱ፣ ደብዳቤው፣ ጸጥታው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቴአትሩን የሚያዘጋጀው ሰው ራሱ።

ከየት መጣ?

‹‹አብሰርድ ቴአትር›› የሚለውን ስያሜ ያስለመደው ማርቲን ኤስሊን የተባለ ሃያሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ። ጸሐፊዎቹ ግን ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያ ቀደም ብለው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግስት ነው። ከተሞች ፈርሰዋል፣ ሰው በሚሊዮን አልቋል፣ ትልልቆቹ ንግግሮች ሁሉ ባዶ ሆነዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ‹‹መጀመሪያ፣ መካከል፣ መጨረሻ›› ያለው፣ ክፉው ተቀጥቶ ደጉ የሚሸለምበት ድራማ ውሸት መሰላቸው።

ሩማንያ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የጻፈው አዮኔስኮ ወደዚህ የገባበት መንገድ ለእኛ ተማሪዎች በጣም ቅርብ ነው። እንግሊዝኛ ልማር ብሎ መማሪያ መጽሐፍ ይገዛል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ጣሪያው ከላይ፣ ወለሉ ከታች እንደሆነ፣ ሳምንት ሰባት ቀን እንዳለው በቁም ነገር ይነጋገራሉ። እሱ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1950 ፓሪስ ላይ የታየውን የመጀመሪያ ተውኔቱን ጻፈ። ፍኖተ ሰላም ወይም ማንኩሳ ተምሮ ‹‹ዚስ ኢዝ ኤ ፔን፣ ዛት ኢዝ ኤ ዊንዶው›› እያለ ክፍሉን በአንድ ድምፅ ያንቀጠቀጠ ሰው ቀልዱን ለማግኘት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አየርላንዳዊው ሳሙኤል ቤኬት ደግሞ ‹‹ጎዶን መጠበቅ›› ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ተውኔቱን እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1953 ፓሪስ ውስጥ ባቢሎን በተባለ ትንሽ ቴአትር ቤት አሳየ። መድረኩ ላይ አንድ ዛፍ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ሰዎች ጎዶ የተባለ ሰው ይጠብቃሉ። ጌታና በገመድ የታሰረ አሽከሩ ያልፋሉ። ማታ አንድ ልጅ መጥቶ ‹‹ዛሬ አይመጣም፣ ነገ ግን በእርግጠኝነት ይመጣል›› ይላል። ሁለተኛው ክፍልም ያው ነው። በቃ። ቤኬት በ1969 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ቴአትር ሲወለድም ትንሽ አዳራሽ፣ ትንሽ ገንዘብና ጥቂት ዕቃ ይዞ ነው የተወለደው። የሚሽከረከር መድረክ፣ የቬሎር መጋረጃ አይፈልግም። ስለዚህ ‹‹የገጠር አዳራሽ አይችለውም›› የሚለው ክርክር ከጅምሩ አያስኬድም።

‹‹አይገባቸውም›› የተባሉት ሰዎች

እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ኩዊንቲን በተባለ ከባድ እስር ቤት ‹‹ጎዶን መጠበቅ›› ታየ። አዘጋጁ ኸርበርት ብላው ነበር። ተውኔቱ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ሴት ተዋናይ የሌለበት መሆኑ ነው፤ እስር ቤቱ ሴት አያስገባማ። ወደ 1,400 የሚጠጉ እስረኞች ተመለከቱት። የተማረ ተመልካች ተነስቶ የወጣበትን ተውኔት እስረኞቹ ጸጥ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ መጠበቅ ማን ያስተምራቸዋል?

ለእኛ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የሚሲሲፒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶሪስ ደርቢ፣ ጆን ኦኒልና ጊልበርት ሞዝስ የተባሉ ወጣቶች ‹‹ፍሪ ሳውዘርን ቴአትር›› የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ጥቁሮች ለመምረጥ ሲመዘገቡ የሚደበደቡበትና የሚገደሉበት ዘመን ነው። ቡድኑ ገጠር ለገጠር እየዞረ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበረሰቡ አዳራሽ ቴአትር አሳየ፤ ከተውኔቶቹ አንዱ ‹‹ጎዶን መጠበቅ›› ነበር። ተመልካቹ ጥጥ ለቃሚና ሠራተኛ፣ አብዛኛውም በሕይወቱ ቴአትር አይቶ የማያውቅ ነው። ግራ የተጋባ ነበር። ነገር ግን ሩልቪል በተባለችው ትንሽ ከተማ ተመልካች ሆና የተገኘችው ታዋቂዋ የመብት ታጋይ ፋኒ ሉ ሄመር፣ ተውኔቱን ሕዝቡ በደንብ እንዲከታተለው መናገሯ ተጽፏል፤ ጥቁሩን ወደ ኋላ ያስቀረው ይኸው መጠበቅ ነው በሚል። ልብ በሉ፣ ሄመር የጥጥ እርሻ ላይ ያደገች፣ ትምህርቷን በልጅነቷ ያቋረጠች ሴት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ሱዛን ሶንታግ በተከበበችው ሳራዬቮ ውስጥ ይህንኑ ተውኔት በሻማ ብርሃን አዘጋጀች። በ2007 በጎርፍ በተመታው የኒው ኦርሊንስ ሰፈር፣ በፈረሱ ቤቶች መሃል ታየ። ተውኔቱን በየጊዜው የሚጠሩት ይመጣል ተብሎ ያልመጣላቸው ሰዎች ናቸው።

ወደ እኛ ስንመለስ ‹‹ይመጣል›› የሚለው ቃል ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ስንት ነገር እንደተሸከመ አስቡ። ማዳበሪያው ይመጣል። መብራቱ ይመጣል። የመንገዱ ኮንትራክተር ይመጣል። በ2015 የማዳበሪያ እጥረት በጠናበት ጊዜ የክልሉ አርሶ አደሮች ለአቤቱታ ባህር ዳር ድረስ መሄዳቸው ይታወሳል። ዘር በእጁ ይዞ ዝናቡ እያለፈበት ‹‹ነገ ተመለስ›› ለተባለ ገበሬ የጎዶን ልጅ መልእክት ማን ይተረጉምለታል? እሱ ነው ለእኛ መተርጎም ያለበት።

የጎጃም ጆሮ

መጠበቁ አንድ ነገር ነው። የአነጋገሩ ልማድም አለ። አብሰርድ እንግዳ የሚመስለው ቴአትርን ከቴሌቪዥን ድራማ ጋር ብቻ ስናነፃፅረው ነው። ከገዛ ባህላችን ጋር አስተያዩትማ።

እንቆቅልሽ ተጫውታችኋል። ያላወቀው ልጅ ምን ይባላል? ‹‹አገር ስጠኝ!›› እሱም አንድ አገር ይሰጣል። ተቀባዩ ደስ ካላለው ‹‹ሌላ ስጠኝ›› ይላል። እስቲ እንደ እንግዳ ሆናችሁ ተመልከቱት፦ በደበሎ የተጠቀለሉ ሁለት እረኞች በግ እየጠበቁ ጎንደርንና ሸዋን ሲሰጣጡ! እንካ ስላንትያስ? ቃሉ ቤት እስከመታ ድረስ ትርጉም ባይኖረውም ግድ የለም፤ እንዲያውም ትርጉም ባጣ ቁጥር ሳቁ ይብሳል። አዮኔስኮ የሠራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጌታው አሽከሩን በገመድ እየጎተተ የሚገባበትን ትዕይንት ውሰዱ። ፓሪስ ላይ ሰው የደነገጠበት ነው። በእኛ አገር ግን በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ተብለው በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ማን ማንን እንዳሰረ እስከማይለይ ድረስ። ቃሉ ዛሬም በንግግራችን አለ። ጌታው በእጁ የያዘው አለንጋ ደግሞ ቡሄ በመጣ ቁጥር ጅራፍ ለሚያጮህ የጎጃም ልጅ ምን አዲስ ነገር አለው?

የሃይማኖቱ ነገር ከዚህም ይልቃል። በተውኔቱ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ፣ ከጌታ ጋር ከተሰቀሉት ወንበዴዎች አንዱ ዳነ የሚለው ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ብቻ መሆኑ እንቅልፍ ይነሳዋል። የአውሮፓ ተመልካች ይህን ለመረዳት ግርጌ ማስታወሻ ያነባል። ስቅለት ላይ ሲሰግድ የዋለ የቡሬ ሽማግሌ ፈያታዊ ዘየማንን በስሙ ያውቀዋል። ማታ የሚመጣው ልጅ የጎዶ ፍየል ጠባቂ ነው፤ ጎዶ አይመታውም። በግ የሚጠብቀው ወንድሙን ግን ይመታዋል። ማቴዎስ ወንጌል ላይ በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ናቸው። እዚህ ተገልብጧል! ይህን ለመያዝ አዲስ አበባ ያለው ተመልካች ጊዜ ይወስድበታል። እዚያ ግን ከመጨረሻው አግዳሚ ‹‹እንዴ?›› የሚል ድምፅ ቢሰማ አይግረማችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ቅኔው ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ... ጎጃም ሰው ቃልን ሁለት አድርጎ መስማት የተማረበት አገር ነው። የተማሪውን ያህል ባይሆንም ገበሬውም ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። በነገራችን ላይ ከቀደሙት የአማርኛ ተውኔት ጸሐፊዎች አንዱ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ ከቅኔ ቤት ወደ መድረክ የመጣ። ስለዚህ ቴአትር ወደ ጎጃም ይሂድ ስንል ወደ ዘመዶቹ ይሂድ ማለታችን ነው።

ግን ቅኔው ወጥመድም አለው፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው። ቅኔ ሰሚ ሰሙን ሲሰማ ወርቁን ይፈልጋል፤ ወርቅ አለ ብሎ ያምናላ። ‹‹ጎዶን መጠበቅ›› ደግሞ ሰም ብቻ ነው። ወርቁ ሆን ተብሎ ወጥቷል። ቤኬት ራሱ ጎዶ እግዚአብሔር ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እግዚአብሔር ማለት ቢፈልግ ኖሮ እግዚአብሔር ይል እንደነበር መልሷል። እንግዲህ የፍኖተ ሰላም ተመልካች ቤቱ ሄዶ ወርቁን ሲቆፍር ያድራል፤ አንዱ ‹‹መንግሥት ነው››፣ አንዱ ‹‹ሞት ነው››፣ አንዷ ‹‹አረብ አገር የቀረው ልጄ ነው›› ትላለች። የቴአትሩ ሥራ ይኸው ነው። አዘጋጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ‹‹የቴአትሩ መልእክት እንዲህ ነው›› ያለ ዕለት ቆፋሪውን ሁሉ ከጉድጓዱ አወጣው ማለት ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ገጠሩ ላለፉት ብዙ ዓመታት ያየው ድራማ በአብዛኛው የመልእክት ድራማ ነው። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ ኋላ ደግሞ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የሚያስተምሩ አጫጭር ድራማዎች መጡ። ጠቃሚ ነበሩ፣ አንክድም። ነገር ግን በመጨረሻ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ‹‹ከዚህ ድራማ ምን ተማራችሁ?›› ይላል፤ ሕዝቡም የሚጠበቅበትን ይመልሳል። ሰው አርባ ጊዜ ይህን ካደረገ ቴአትር ማለት ፈተና ይመስለዋል። ‹‹ገበሬው አይገባውም›› የምንለው ብዙ ጊዜ እኛው ያስለመድነውን መልስ ስላልሰማን ነው።

የትኛው ተውኔት?

እኔ ብጠየቅ ለቀበሌ አዳራሽ ‹‹ጎዶን››ን አልመርጥም። ‹‹ጎዶን›› ለሜዳ ነው የሚሆነው፤ ለመንገድ ዳር፣ ለአንድ ዛፍ። ዛፉም ዋርካ እንዳይሆን አደራ። ዋርካ ጥላ አለው፣ ዳኝነት አለው፣ ሽማግሌ አለው። የቤኬት ዛፍ ምንም የለውም። ቅጠሉ የረገፈ ብሳና ይበቃል፤ በሁለተኛው ክፍል አራት አምስት ቅጠል ይታሰርበታል። ሌላው ችግር ገጸ ባህርያቱ አምስቱም ወንድ መሆናቸው ነው። ቤኬት በዚህ ጉዳይ አይደራደርም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሆላንድ ውስጥ ሴቶች ሊጫወቱት ሲሉ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ተረትቷል እንጂ።

ለአዳራሽ የምመርጠው የአዮኔስኮን ‹‹ወንበሮቹ›› ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ላይ ሲታይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አዳራሹ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም ነበር። ታሪኩ ይሄ ነው፦ የ95 ዓመት ሽማግሌና የ94 ዓመት ሚስቱ በውኃ በተከበበ ቤት ይኖራሉ። ሽማግሌው ዓለምን የሚያድን መልእክት አለኝ ይላል፤ ራሱ መናገር ስለማይችልበት ተናጋሪ ቀጥሯል። እንግዶች መምጣት ይጀምራሉ። አይታዩም። ባልና ሚስቱ ግን በር ይከፍታሉ፣ እጅ ይነሳሉ፣ ይጫወታሉ። አሮጊቷ ወንበር ታመጣለች። ሌላ እንግዳ፣ ሌላ ወንበር። እየፈጠነ ይሄዳል፣ መድረኩ በባዶ ወንበር ይሞላል፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይቀር (እሱም አይታይም) ይመጣል። በመጨረሻ ተናጋሪው ሲደርስ በዓይን የሚታይ ሰው ነው። ሽማግሎቹ ሥራችን አለቀ ብለው በመስኮት ይወድቃሉ። ተናጋሪው አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣው ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የተበታተነ ፊደል ነው።

የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። ተቀምጦ ለሚያውቅ ግን... ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ተይዞ እስከ ስድስት ሰዓት ከዞን የሚመጣውን ሰው የጠበቀ፣ ሰውየው ሲመጣ ደግሞ የተናገረውን ለቤተሰቡ መድገም ያቃተው ስንት ነው?

እዚሁ ላይ አዘጋጁን የሚፈትነው ነገር አለ። ተናጋሪውን ካድሬ አድርጎ ማቅረብ። ሸሚዝ፣ ባጅ፣ ‹‹ከዚህ አኳያ በተቀናጀ መልኩ›› ማስባል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ቴአትሩም አብሮ ይፈርሳል። አንድ ወርቅ ተሰጠዋ፣ ቆፋሪው ወደ ቤቱ ሄደ። ደግሞም አደጋ አለው፤ ከታች እንመጣበታለን። አዮኔስኮ ተናጋሪውን መስማትና መናገር የተሳነው ሰው አድርጎ ነው የጻፈው። እኛ ጋ ይህ እንዳለ ቢሠራ አካል ጉዳተኛ ላይ ለማሳቅ የተደረገ ስለሚመስል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰውየው ቀስ ብሎ፣ በክብር፣ ለመናገር ከልቡ እየደከመ ቢጫወተው ማንም አይስቅበትም። ሊታዘንለት ይገባል።

የሽማግሎቹ መጨረሻም ቀላል አይደለም። ራስን ማጥፋት በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ ከባድ ነገር ነው፤ እንደ ዋዛ መድረክ ላይ አይወጣም። ከቴአትሩ ቀን በፊት ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ካህናት ታሪኩን እስከ መጨረሻው መንገር ይገባል። በተግባርም የቀበሌ አዳራሽ መስኮት ከመሬት አንድ ሜትር ነው፤ ከዚያ የወደቀ ሰው የበቆሎ ማሳ ላይ ነው የሚቆመው። ተመልካች ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ፤ ደራሲው ራሱ ተውኔቱን ‹‹አሳዛኝ ፋርስ›› ብሎ ነው የጠራው፤ ሳቁና ኀዘኑ አብረው እንዲሆኑ።

አዳራሹ፣ ወቅቱ፣ ድምፁ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከተሞቹ ላይ አዳራሽ አይጠፋም። ገጠር ሲወጣ ያለው የቀበሌ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ ወይም የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጠላት አላቸው፦ ቆርቆሮ። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጀምር ተዋናዩ አጠገቡ ላለው ሰው እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም መርሳት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰብል ይደርሳል፣ ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሠርግ ይበዛበታል ትሉ ይሆናል፤ እሱም ጥቅም አለው። የሠርግ ዳስ ከማንኛውም አዳራሽ የተሻለ ቴአትር ቤት ነው። በባህር ዛፍ ቋሚ ተሠርቶ በቅጠል የተሸፈነ ነው፤ ድምፅ አያስተጋባም፣ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር። ከዚያ ካለፈ ከብት ይገባል፣ ላም ይታለባል፣ እናቶች ተነስተው ይሄዳሉ። ‹‹ወንበሮቹ›› ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ዕረፍት የለውም፣ ይመቻል። መብራት አያስፈልግም። መብራት ኃይል ቢኖር እንኳ አትመኑት፣ ጀነሬተር ደግሞ ከተዋናዩ በላይ ይጮሃል። በርና መስኮት መክፈት ብቻ ነው። ሞንታርቦም አይግባ። ማይክ የያዘ ሰው ገጠር ውስጥ ወይ ካድሬ ነው ወይ የሠርግ ዘፋኝ፤ ተዋናዩ ሁለቱንም መምሰል የለበትም።

አዳራሹ ውስጥ መድረክ ካለ እሱም ይቅር። መድረኩ የሰብሳቢዎች ቦታ ነው። ሕዝቡን ክብ አስቀምጦ መሃል ላይ መጫወት ይሻላል። ልጆች ፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ያወራሉ፣ አንዱ ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይሞክራል። አሮጊቷን የምትጫወተው ተዋናይ ለዚያም መዘጋጀት አለባት፦ ‹‹ተነስ ልጄ፣ ኮሎኔሉ ላይ ተቀመጥክባቸው›› ማለት ነው።

ተዋናይ ከየት?

ከከተማ ተዋናይ ማምጣት ወጪ ነው፤ ደግሞም አነጋገሩ አይጥምም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የድራማና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አላቸው። መጀመር ከዚያ ነው። ለሽማግሌውና ለአሮጊቷ ግን ወጣት ጢም አስለጥፎ ማስመሰል አያስፈልግም። እውነተኛ ሽማግሌ ይፈለግ፤ በእድር ስብሰባ የሚናገር፣ በሽምግልና የተካነ ሰው። ቃሉን በቃሉ መያዝ ቢያቅተው ችግር የለም፣ ሐሳቡን ይዞ በራሱ ቃል ይናገረዋል። ይህ ለቤኬት አይሠራም፤ እያንዳንዷን ዝምታ በልክ የጻፈ ሰው ነው። ለአዮኔስኮ ግን ይቻላል።

ትርጉሙ የጎጃም አማርኛ ይሁን። ‹‹ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ›› ብሎ ለማይታይ ሰው ሰላምታ መስጠት፣ ወንበር ማቅረብ፣ ‹‹ኧረ በሞቴ ከፍ ይበሉ›› ማለት፣ ‹‹ተው እዚሁ ይበቃኛል›› የሚለውን ባዶ አየር እንደገና መለመን፣ ይህ ሁሉ በየሠርጉና በየለቅሶው የምናደርገው ነው። ከማንም በላይ እኛ እናውቅበታለን። ልምምዱ ሁለት ወር ያህል ይፈጅ፣ አብዛኛውም በዚህ ሰላምታ ላይ ይዋል። ተመልካቹ የማይታየውን እንግዳ ካየው ሌላው በራሱ ይመጣል።

ደብዳቤውና ጸጥታው

ከቀበሌ እስከ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፋል። ‹‹ዓላማው ምንድን ነው? መልእክቱስ?›› መባሉ አይቀርም። እዚህ ላይ መዋሸት አያዋጣም። ‹‹ስለ ሁለት ሽማግሎች የሚያሳይ፣ የሚያስቅና የሚያሳዝን የትርጉም ተውኔት ነው›› ማለት እውነት ነው፣ ይበቃልም። ጽሑፉን ሙሉውን መስጠት ይሻላል፤ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ካነበበው በኋላ ግራ ቢገባው ይሻላል። ቴአትር በዚህ አገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጠርጣሪ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ‹‹ፋቡላ›› እንስሳትን እያናገረ በመቅረቡ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከልክሏል። እንስሳቱ ማን ናቸው የሚል ጥያቄ ተነሳ። ዛሬ ደግሞ ‹‹ይመጣል ተብሎ ያልመጣው ማነው?›› የሚል ይነሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሃል ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ሲቪሎች ሞቱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በሲቪሎች ላይ ስለደረሰ ጉዳት መግለጫ አውጥቷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ መንገዱ የሚከፈትና የሚዘጋበት ቀን አይታወቅም። የሰላም መንገድ የሚል ስም የያዘች ከተማ ናት፤ በዚህ ላይ ምን ይጨመራል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሦስት መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ መሰብሰብ ድፍረት ሳይሆን ግድየለሽነት ሊሆን ይችላል። የሳራዬቮውን ምሳሌ ጠቅሰን ‹‹እነሱም አድርገውታል›› ብንል ቀላል ነው፤ የሚቀመጠው ግን የሰው ልጅ ነው። ጸጥታው ባልተረጋገጠበት ቀበሌ ቴአትር አይታይ፣ በቃ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ። ትርጉሙን መጨረስ፣ አምስት ስድስት ሆኖ በአንድ ግቢ ውስጥ ቡና እየጠጡ ማንበብ። ‹‹ወንበሮቹ››ን ለማንበብ ሦስት ሰው ይበቃል። እንግዶቹ እንደሁ አይታዩም።

በሁለቱም በኩል ያለው ታጣቂ ተውኔቱ ስለ እሱ ይመስለዋል። ካድሬ ያለበሳችሁት ተናጋሪ ለአንዱ ስድብ፣ ለሌላው ጭብጨባ ይሆናል፤ የሚከፍለው ደግሞ አዘጋጁ ሳይሆን ቁልፍ የሰጠው የቀበሌ ጥበቃና ሽማግሌውን የተጫወተው ሰው ነው። ተናጋሪው ያለ ባጅ፣ ያለ ዩኒፎርም፣ ተራ ሰው ሆኖ ይምጣ ያልነው ለዚህም ነው።

ወንበሮቹ

ተውኔቱ ከ35 በላይ ወንበር ይፈልጋል። መግዛት አያስፈልግም፤ እድር አለ። ፕላስቲክም ይሁን የእንጨት፣ የተለያየ ቢሆን እንዲያውም ያምራል፤ ለኮሎኔሉ ክንድ ያለው፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ከካህናቱ የተለመነ፣ ለተራው እንግዳ ዱካ። ለእድሩ ዳኛ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ለቅሶ ከደረሰ ቴአትሩ ይሰረዛል፤ ወንበሩ መጀመሪያ የለቅሶ ነው። ይህን ለተዋናዮቹም ከመጀመሪያው ቀን መንገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ወንበሮች ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ስንት ድንኳን ስር እንደተዘረጉ ተመልካቹ ያውቃል። አሮጊቷ አንዱን አምጥታ ‹‹እንደምን አሉ፣ ይቀመጡ›› ስትል በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ እያንዳንዱ ለራሱ ያያል። አዘጋጁ ስለዚህ ምንም መናገር የለበትም።

ካለቀ በኋላ አዳራሹ ይጠረጋል፣ ጥቁር ሰሌዳው ለትምህርት ቤቱ ይመለሳል፣ ወንበሮቹ በምዝገባው መሠረት ተቆጥረው ለእድሩ ይገባሉ። እግሩ የተሰበረ ካለ የሚጠገነው በቴአትር ቡድኑ ወጪ ነው።